ለቅሬው አውቶቡስ የመረጥኳቸው ትንንሽ ባትሪዎች

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለኢማማችንም አልነገርኩ። ከሚሴ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ሱቄ በር ላይ ተቀምጦ የማይወራ ነገር የለም፣ የማይነሳ የሰው ስም የለም። ይህ ግን አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁንም የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። ፊት ለፊት ልናገረው ብል ምላሴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው።

የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረውና ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማኅበራችን፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ አውቶቡስ አስደረገው። ሰንበቴ ከተማም ሆነ ባቲ ለለቅሶ በሄድን ቁጥር የሰው መኪና መለመን ሰልችቶን ነበር። የኤሌትሪኩ ሥራ ለኔ ተሰጠ። መኪናው ጭነት ይጭን በነበረበት ጊዜ ሁለቱ ትላልቅ ባትሪዎች በጎኑ በኩል ነበር የሚቀመጡት። አሁን እዚያ ቦታ ላይ መሳፈሪያ በር ስለወጣ፣ ከደረጃው ሥር ሳጥን ተሠርቶላቸው እዚያ መግባት ነበረባቸው። በያጁ ልካቸውን ጠየቀኝ። እኔ ለመለካት እንኳ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። በየቀኑ እጄ ላይ የሚውለው የሚኒባስ ባትሪ ነውና የሱን ልክ በቃሌ ነገርኩት። ሳጥኑ ተበየደ፣ ደረጃው ከላዩ ላይ ተበየደ፣ ቀለም ተቀባ። ትላልቆቹን ባትሪዎች ተሸክሜ ስሄድ አንዱም አልገባም።

ምን ነበረበት «ተሳስቻለሁ፣ ቁረጠውና እንደገና ሥራው» ብል? ምንም። በያጁ ትንሽ ያጉረመርም ነበር፣ ሽማግሌዎቹ አንድ ቀን ያሾፉብኝ ነበር፣ በቃ። ግን ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ፤ «የአህመድ እጅ ወርቅ ነው» ብለው ነው የጠሩኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዘመኑ ተቀይሯል፤ የዛሬዎቹ ትንንሽ ባትሪዎች የድሮዎቹን ትላልቆች ያስንቃሉ» አልኳቸው። አምነውኝ መረቁኝ፤ እኔም ሁለት የሚኒባስ ባትሪ አስገባሁ። እኔ ግን ያልኩት ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ተሳሳትኩ እንዳልል፣ አውቅ ነበር።

ሾፌሩ ጋሽ እንድሪስ ብቻ አልተዋጠለትም። በዕድሜ አስር ዓመት ይበልጠኛል፣ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። «አህመዴ፣ ይህ ሞተር ከባድ ነው። እዚህ ቆላው ላይ ይነሳልሃል። ደጋ ያደረ ቀን ግን ዘይቱ ይረጋል፤ ያኔ ይህ ባትሪ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ በምን ጉልበት ያዞረዋል?» አለኝ። እኔስ ምን መለስኩለት? «እንግዲያው ጋሼ፣ ለባትሪዎቹ ጋቢ ግዛላቸዋ» ብዬ ሰው ሁሉ አሳቅሁበት። እሱም ደግ ነውና አብሮ ሳቀ።

የከሚሴ ሙቀት ለብዙ ወራት ደበቀልኝ። ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ይነሳል። እንዲያውም «ጋቢው ደረሰ ወይ ጋሼ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ያው ሙቀት ግን ትንንሾቹን ባትሪዎች ከውስጥ እየጨረሳቸው ነበር። ይህንንም አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው።

አንድ ክረምት ላይ ከደሴ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ለቅሶ ነበርና አውቶቡሱ ለቀስተኛ ጭኖ ወጣ። እዚያው አደሩ። ሲነጋ ከከሚሴ ተደወለላቸው፤ የጋሽ እንድሪስ እናት አዴ ዘይነባ ሱብሂ ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል። እሱ አንድ ልጃቸው ነው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። «አህመዴ፣ ሞተሩ አልዞር አለኝ። ሀዳ ኮ፣ እናቴ ሳልደርስላት ልትቀበር ነው። ምን ላድርግ?» አለኝ። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገባኝ። ግን ምን አልኩት? «የባትሪውን ጫፍ በደንብ ጥረገውና ሞክር።» እንደማይሠራ እያወቅሁ ሦስት ጊዜ አስጠረግሁት።

ለቀስተኛው ወርዶ ገፋ። ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። መኪና የማይበዛበት ቦታ ነው። አንድ የጭነት መኪና አግኝተው ተጎትቶ ሲነሳ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ በዚያ ወበቅ ጀናዛ አይቆይም፤ ዙህር ተሰግዶ አዴ ዘይነባ ተቀበሩ። ልጃቸው የለምና ቀብሩ ውስጥ የሚወርድ ጠንካራ ሰው ሲፈለግ «አህመድ ይውረድ» ተባለ። ወረድኩ። እሱ በእጁ ሊቀበላቸው ሲገባ እኔ፣ እሱን መንገድ ላይ ያስቀረሁት ሰው፣ ተቀብዬ አስተኛኋቸው። ጋሽ እንድሪስ ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሶላት ደረሰና አፈሩን በእጁ እየዳበሰ አመሸ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። «ባትሪው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እየከሰሰኝ አልነበረም፣ መጠየቁ ብቻ ነው። ያንን ጋቢ የተባለውን ቀልድ እንኳ አላነሳብኝም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ጥቂት ነካካሁና ወደ ጥግ ወስጄ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ የውስጡን መብራት ሳታጠፋው ነው ያደርከው» አልኩት።

ደነገጠ። «የሴቶቹን ብርድ ልብስ ላወርድ አብርቼው ነበር። አጥፍቼዋለሁ መሰለኝ…» አለ። ያቺን «መሰለኝ» ያዝኳት። ትከሻውን አቅፌ «አይዞህ፣ ለሽማግሌዎቹ ባትሪው በራሱ ጊዜ ሞተ እላቸዋለሁ፤ በኔና በአንተ መካከል ይቅር» አልኩት። እጄን ስቦ ሳመኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደረጃውን አስቆርጬ ትላልቆቹን ባትሪዎች አስገባሁ። ለሱ የነገርኩት ምክንያትም «መብራት ተረስቶ ቢያድር እንዲችል ነው» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ እንድሪስ መኪና አቁሞ ሲሄድ ሁለቴ ሦስቴ እየተመለሰ መብራት ያያል። ልጁ ዘሀራ «አባባ እቤትም እንዲሁ ነው፣ ከመኝታው እየተነሳ አምፖል ያጠፋል» ብላ ስቃ ነገረችኝ። የጨፋ ሸንኮራ ሲደርስ መጀመሪያ ለኔ ነው የሚያመጣው። ሰው ፊት «አህመድ የወንድም ወንድም ነው» ይለኛል፤ ለምን እንደሚለኝ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔም ሸንኮራውን ተቀብዬ በላሁ። ስንት ዓመት በላሁ?

አምና ሐጅ ሊሄድ ሲል ሰው ሁሉ ዘንድ እየዞረ አውፍ፣ ማለት ይቅርታ፣ ይጠይቅ ነበር። እኔ ጋም መጣ። ቆሞ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «ስለኔ ብለህ ሽማግሌ ፊት ዋሽተሃል። ያንን ወንጀል ያሸከምኩህ እኔ ነኝና አውፍ በለኝ» አለኝ።

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ግን «አውፍ ብያለሁ» አልኩት። በደሉ የኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። ባትሪውን ስመርጥ ኩራት ነበረብኝ ልበል፣ መብራቱን ስዋሽ ፈርቼ ነው ልበል። ያን ቀንስ ምን እላለሁ? ለዚያ ሰበብ ልፈልግም አልሞክርም።

ይህን ወረቀት ለዘሀራ እሰጣታለሁ፣ የአባቷ ዓይን ደክሟልና እሷ ታንብብለት። አውፍ በለኝ አልልህም፤ ብትለኝም ባትለኝም ያንተ ነው። ግን ሐጂ፣ የዚያን ቀን መብራቱን አጥፍተኸው ነበር።