ከጋሽ ነገ ፊት ለፊት

ልብስ ሰፊውን የመንገዱ ሰው ሁሉ «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ሱሪ ልታሳጥር ብትሄድ «ነገ ና» ነው፤ ነገ ብትመጣም ያው ነገ። ምን አማራጭ አለ? በዚያ መንገድ ከእሱ በቀር ልብስ የሚሰፋ አልነበረም። ሲለማመጡት ደስ ይለው ነበር፤ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ በሩ ላይ አልቅሳለች።

እንዲህ ተመችቶት ሲኖር ፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ክፍል ተከፈተና አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋን አስገባች። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ፈጣን። ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ «ጉንዳኗ» አላት።

ቅናት አቃጠለው። መኪናው ላይ ይቀመጥና እግሩ ፔዳሉን ይረሳል፤ ዓይኑ የእሷ በር ላይ ነው። ማን ገባ? ምን ይዞ ወጣ? «የሷ ስፌት ሳምንት አይቆይም» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል። ሳምንት አለፈ፤ ስፌቱ አልተተረተረም።

ሲብስበት ንግድ ቢሮ ሄደ። «ሃያ ዓመት የሰፋሁበት መንገድ ነው፤ አስወጡልኝ!»

ሠራተኛዋ ሳቀች። «አባቴ፣ ገበያው እኮ ነጻ ነው። እርስዎም ይሰፋሉ፣ እሷም ትሰፋለች፤ ደንበኛው ደግሞ ደስ ወዳለው ይሄዳል።»

«ነጻ ማለት እኔን መዝረፍ ነው?»

«ምንዎን ወሰደችብዎት?»

ፊቱን አዙሮ ወጣ።

እየተብሰለሰለ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። ጨርቁን አወቀው። ከሁለት ዓመት በፊት «ስፋልኝ» ብላ የሰጠችው ነው፤ ከሱቁ መደርደሪያ መነሳቱን እንኳ ልብ አላለም።

«አንቺም እሷ ጋ ሄድሽ? አንቺም!»

«ምን ላድርግ? ሚስትህ ሆኜም ‹ነገ› አልከኝ። እሷ ‹ቁጭ በይ› አለችኝ።»

አስወልቆ ገለበጠው። ብብቱን፣ ጠርዙን፣ ዚፑን እያገላበጠ አየ፤ አንዲት የተዛነፈች ስፌት ቢያገኝ እፎይ ባለ። አላገኘም። ከእሱ ስፌት ይበልጣል፤ ያንገበገበው ይሄ ነው። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ሚስቱ አይታ እንዳላየች ሆነች።

በማግስቱ አንድ ሰው ሱሪ ይዞ መጣ። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማዶም ያያል። «መቼ ልምጣ ጋሽ ነገ?»

ምላሱ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠው። ማዶ የጉንዳኗ መኪና ይንጫጫል።

«ቁጭ በል» አለው፣ ጥርሱን ነክሶ።