ዝናብ ብላ ኤክስ የገባባት ልጄ

አባቴ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ መጥተው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲገቡ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከሶፋው ሳትነሳ፣ ዓይኗንም ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «አንተ፣ ጫማህን አውልቅ! ምንጣፉን ታቆሽሸዋለህ» አለቻቸው።

እኛ ቤት አባቴን «አንተ» የሚል ሰው ገና አልተወለደም። እናቴ እንኳ ዕድሜ ልኳን «አንቱ» እንዳለቻቸው ነው ያለፈችው። አባቴ ግን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አወለቁና፣ «እሺ፣ እርስዎ ካዘዙማ ምን እላለሁ? ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?» አሏት።

ልጅቱ ቀልድ መስሏት ተንከተከተች። እኔን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዙህር ሊሰግዱ ወደ መስጊድ እንደወጡ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁባት።

«አያትሽን አንተ ትያለሽ?»

«ትምህርት ቤት ሁሉም ሰው ‹ዩ› ነው» አለችኝ፣ ቅንጣት ሳታፍር። «ቲቸርንም ዩ ነው የምንላት። ዳይሬክተሩንም ዩ። ለውሻም ዩ ነው።»

ምን ብዬ ልቆጣት? እዚያ ትምህርት ቤት ያስገባናት እኔና አባቷ ነን። የጎረቤት ልጆች በእንግሊዝኛ ሲንጣጡ እየሰማን ቀንተን ነው። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ አስተማሪ ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ጧት ጧት የደሴን ጉም ጥዬ ቁልቁለቱን እወርድና የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ፣ አመሻሹ ላይ ዳገቱን ወጥቼ የራሴን ልጅ ሳላውቃት አድራለሁ።

በዚያው ሳምንት የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ጊዜው ሰኔ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ «በሰመር የአየሩ ሁኔታ ምን ይመስላል?» ይላል። ልጄ «ዝናብ» ብላ ጽፋለች። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ፣ ከጎኑ «ፀሐያማ» የሚል እርማት። ያን ስናነብ በረዶ ቆርቆሯችንን እየደበደበው እርስ በርስ መደማመጥ አቅቶናል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ። አራቱን ወቅቶች በእንግሊዝኛ ጥሪ ስላት እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። መፀው ምንድን ነው ስላት «የምግብ ስም ነው?» አለችኝ። ሰባት ሲባዛ በስምንት ስላት ስልኬን ጠየቀችኝ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ከረባት ያሰረ፣ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ «እናት፣ ዘመኑ ተቀይሯል» አለኝ። «እኛ ልጆች እንዲሸመድዱ አናደርግም፤ እንዲያስቡ ነው የምናስተምራቸው። መረጃ እንደሆነ ስልክ ላይ ሞልቷል።»

«በምን ያስቡ?» አልኩት።

«እንዴት፣ በምን?»

«ባዶ ድስት ቀኑን ሙሉ ቢያማስሉት ወጥ አይወጣውም። ጭንቅላቷ ውስጥ ምንም ሳይገባ ልጅቱ በምን ታስብ?»

ፈገግ አለ። «መጽሐፉ እኮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ነው።»

«ይሁን። በረዶው ግን የደሴ ነው!»

ተነስቼ ስወጣ የልጄ አስተማሪ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። «ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ እውነትዎን ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰኔ ዝናብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የመጽሐፉ የመልስ ቁልፍ ፀሐይ ስለሚል ነው፤ ከእሱ ወጥቼ ካረምኩ እጠየቃለሁ።» ትንሽ አሰበችና፣ «አርብ ከሰዓት ለምን መጥተው አንድ ክፍለ ጊዜ አያስተምሩልኝም? እኔ አስፈቅዳለሁ» አለችኝ።

አስፈቀደች። አርብ ጠመኔ ብቻ ይዤ ገባሁ። ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ ብዬ ጀመርኩ። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ለምን እንደሚቆለል፣ ቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አቋርጦ እንዴት አዋሽ እንደሚገባ ነገርኳቸው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል ስላቸው ክፍሉ ተተራመሰ። «ለምን አይደርስም?» «ውሃው የት ይገባል?» «ዓሣዎቹስ?» ልጄም እጇን አውጥታ ትጮሃለች። ይኸው ማሰብ! የሚያስቡበት ነገር ሲያገኙ ማን ያስቆማቸዋል?

ከዚያ የማባዣ ሠንጠረዡን በዜማ አስጮህኳቸው። በመጨረሻም አንዱን ሽማግሌ፣ ሌላውን ልጅ አድርጌ ሰላምታ አለማመድኳቸው። «እንዴት ዋሉ» ማለት እንዲህ ያስቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄ ቤት ስትደርስ ለአያቷ ደውላ፣ «አባባ፣ ደህና ነዎት? ወገብዎን ተሻለዎት?» ስትላቸው እሳቸው ወዲያ ማዶ ዱዓቸውን አዘነቡላት።

ለሁለተኛው አርብ ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። አንዲት እናት አቤት ብላለች አለኝ። «ልጄን እዚህ የላክኋት እንደ መድረሳ ስትጮህ እንድትውል ነው ወይ?» ብላለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለጊዜው ይቁም።

ወላሂ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። እኔ መድረሳ ተቀምጬ ቁርኣን በቃሌ ይዣለሁ። አብሮ አደጌ ደግሞ ከየኔታ ሥር ቁጭ ብላ ዳዊት ደግማለች። ዛሬ እሷ ነርስ ናት፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። በቃላችን በመያዛችን የደነዝነው የቱ ጋ ነው? ይህን ሁሉ ለዳይሬክተሩ በስልክ ተናገርኩ። እሱም በትሕትና አዳመጠኝ፤ በትሕትናም ምንም አላደረገም።

ቅዳሜ ጧት ልጄን ሳሎን አስቀምጬ ራሴ ማስተማር ጀመርኩ። አስተማሪዋ ለአንዳንድ ወላጆች ሹክ ብላ ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ልጆች ተጨመሩ፤ ከዚያም ሌሎች። ሳሎኑ ሲሞላ ባለቤቴ ጋዜጣውን ይዞ ወደ በረንዳ ይሰደዳል።

አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ዘመናይ ሴት የልጇን እጅ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ የልጄ ክፍል ተማሪ ናት፤ አወቅኋት።

«አቤት ያልኩት እኔ ነበርኩ» አለችኝ እናትየዋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ልጄ ግን ቤት ስትመጣ ስለ አዋሽ እያወራች ፋታ ነሳችኝ። እናንተ ቤት ውሰጂኝ ብላ አለቀሰች። አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ቂሜ ሁሉ ረገበ። ልጅቱን አቅፌ ወደ ውስጥ አስገባኋት። በሩን ልዘጋ ስል ሴትዮዋ ድምጿን አለስልሳ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ ቅር ባይልዎት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ቢያደርጉላቸው አይሻልም?»

«ያ ረቢ!» አልኩ።