ፈተና ሲያልቅ የሚዘጋ መጽሐፍ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሱቅ ተቀጥራ የሰው መጽሐፍ ስታባዛና ስትጠርዝ ኖራለች። የምህንድስና ተማሪዎች ጥራዛቸውን ይዘው ሲወጡ ዓይኗ እስከ በሩ ይሸኛቸዋል። ድልድይ ለምን እንደማይወድቅ ማወቅ አማራት። ማንን ትጠይቅ? ፎቶ ኮፒ የምታነሳን ሴት ማን ቁጭ አድርጎ ያስተምራል!

በመጨረሻ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ኮርስ አገኘች። በኮምፒውተር የሚነበበው መጽሐፉ ግን ነጻ አልነበረም፤ «ለኮርሱ ተማሪዎች ብቻ፣ በልዩ ቅናሽ» ይላል። ለጫማ ባስቀመጠችው ገንዘብ ገዛችው። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያየችው ከከፈለች በኋላ ነው፦ ማተም ክልክል ነው፤ ተማሪው የመጨረሻውን ፈተና ሲያስገባ መጽሐፉ ይዘጋል። ይሄንን ነው እንግዲህ ቅናሽ ያሉት! ሰው የተማረበትን መጽሐፍ በተማረ ማግስት ከእጁ መንጠቅ ምን የሚሉት ደግነት ነው? ያለው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ዕድሜ ልኩን ያነበዋል፤ የሌላት በር ላይ ቆማ ትቃኝ።

ስለዚህ አልጨረሰችም። ጥያቄዎቹን ሁሉ መልሳ፣ «አስገባ» የሚለውን ሳትነካ አራት ወር ከረመች። ደንበኛ ሲጠፋ ስለ ቅስት ድልድይ የሚያወራውን ምዕራፍ ትከፍታለች፤ ክብደቱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሸጋገረ መሬት ሲገባ በጣቷ ትከተለዋለች። ሁለት ገጽ አሁንም አልገባትም።

«ኢንጂነር፣» ይሏታል የሱቁ ባለቤት፣ «ዛሬም አልተመረቅሽም?»

«ምን አስቸኮለዎት ጋሼ? ድግሱን እርስዎ ሊደግሱ ነው?»

«ድግሱስ ይቅር። ሰውዬው እኮ እስከ ሰኞ ነው ያለሽ!»

ሰውዬው የድልድይ ዲዛይን ቢሮ ያለው ደንበኛቸው ነው። ለንድፍ ሥራ ረዳት ፈልጎ፣ የኮርሱን ምስክር ወረቀት ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት ምዕራፉን አንዴ ደገመችው። ሁለቱ ገጾች እንቢ አሏት። «በቃ፣ እሺ» አለችና «አስገባ» የሚለውን ተጫነችው። ምስክር ወረቀቱ መጣ። ወዲያው መጽሐፉን ልክፈት ብትል፣ «ኮርሱን አጠናቀዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ነጭ ገጽ ጠበቃት። ጋሼ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱና ፊቷን አይተው ተዉት።

ሰኞ ቢሮው ስትሄድ ሰውዬው ወረቀቱን በቅጡ ሳያነብ ፋይል ውስጥ ከተተው። ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ ደመወዙ እየነገራት፣ እሷ ከጀርባው ያለውን መደርደሪያ ነው የምታየው። ሦስት ረድፍ ሙሉ የድልድይ መጽሐፍ፣ አቧራ እንደለበሰ።

«ጥያቄ አለሽ?» አላት።

«ያ መደርደሪያ፣» አለች፣ «ይቆለፋል?»