ቀድቻለሁ ያልሁት ቅኔ

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ደብራቸው ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱን ውኃ ስለሚይዘው የሩዝ ማሳውን ጥግ ጥጉን ይዘን ነው የምንደርሰው። እኔ ወረታ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ፣ ፎቶ ቤት አለኝ። ሴት ልጅ ነሽ ብሎ የከለከለኝ ባይኖርም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጬ ቅኔ አልተማርሁም። ከአባቴ እውቀት የራሴ ድርሻ እንዲኖረኝ ብዬ ይመስለኛል፣ በየበዓሉ መቅጃ ይዤ እየሄድሁ የሚቀኙትን መቅዳት ጀመርሁ።

ቅኔ ለተባለበት ቀን ነው። የትናንቱን ዛሬ መልሶ ማለት በአባቴ ዘንድ ነውር ነው። ድሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሦስት አራት ተማሪ አስቀምጠው ያስቀጽሉ ነበር፤ እሳቸው ይላሉ፣ ተማሪዎቹ ተቀብለው በቃላቸው እስኪይዙት ይመላለሱበታል። እኔ መቅጃ ይዤ ከመጣሁ ወዲህ ግን ከደጀ ሰላሙ እንደወጡ የሚጠይቁት እኔን ሆነ።

«ቀዳሽው?»

«ቀድቻለሁ።»

በእሳቸው ቤት መቅዳት ማለት ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ገልብጦ ሁለት ማድረግ ነው። እኔ ድምፁን ያዝሁት ማለቴ ነበር። በዚህ ቃል ስንት ዓመት የተግባባን መስሎን ኖርን!

ለነገሩ እኔም ሁለት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዲስክ የያዘ ሳጥን ገዝቼ ሁሉንም እዚያ አስገባሁ፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላው ላይም እኩል ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የኔ ዕቃ መንታ ነው» እያልሁ ጉራዬን ነዛሁ። አንድ ቀን ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ። ፋይሎቹ እንደ ወትሮው ስለሚከፈቱ ግድ አልሰጠኝም፤ ብልጭ ድርግም እያለ ሲያሰለቸኝ ጊዜ ፕላስተር ለጠፍሁበት። እንዲህ ያልሁ ጅል ነኝ። ለካ አንደኛው ሞቶ ኖሯል። ወር ሳይሞላ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሁለተኛውም ቀጥ አለ።

ባሕር ዳር ወስጄ ለባለሙያ አሳየሁት። ከፍቶ ብዙ ከሞከረ በኋላ፣ «ባክአፕሽ የት ነው?» አለኝ።

«ሁለት ዲስክ ነው እኮ!» ብዬ ጮኽሁበት።

«እህቴ፣ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ እንጂ ባክአፕ አይደሉም። በየሳምንቱ ሌላ ላይ ገልብጠሽ ሌላ ቤት ማኖር ነበረብሽ።»

የምጮኽበት ሰው እሱ እንዳልነበረ የገባኝ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ወረታ እስክደርስ አለቀስሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ የአንዱ ነገር ግን አንጀቴን በላው። አባቴ በእናቴ አርባ ቀን ለእሷ የተቀኙት ቅኔ እዚያ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ነገርኋቸው።

«ቅጂውስ?» አሉኝ።

«የለም።»

ተማሪዎቹን አስጠርተው ጠየቁ። የቆየውን ሁሉ ያውቁታል፤ የእናቴን ግን አንዳቸውም አልያዙትም። «እሱንስ አላስቀጸሉንም እኮ፣ የኔታ» አለ ታላቁ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እርስዎስ? ትንሽ እንኳ አያስታውሱም?» አልኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ሁለት ቃል ወጣ። ሦስተኛውን ፈልገው አጡት።

«ከአንቺ ዘንድ አለ ብዬ እኮ ነው የለቀቅሁት፣ ልጄ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ድምፃቸው ደክሟል። ከዚያ ቀና አሉና፣ «አንቺስ? ቆመሽ ስትሰሚ አልነበር? በይ የያዝሽውን ያህል በይኝ» አሉኝ።

እኔ ያን ቀን ዓይኔ መቅጃው ላይ ነበር፤ እንዳይቋረጥ፣ ነፋስ እንዳይገባበት። በኋላ ተረጋግቼ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር፤ በኋላም ልቤ አልችል እያለኝ አንድ ቀን እንኳ ሳልከፍተው ቀረሁ። አባቴ ለእናቴ ሲቀኙ አጠገባቸው ቆሜ አንዲት ቃል አልሰማሁም።