ፍሬአብ ያልሰማው ድምፅ

ፍሬአብ ካዛንቺስ ባለ አንድ የምሽት ክበብ ሃያ ስድስት ዓመት ጊታር ተጫውቷል። ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየሩን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም ነበር፤ አንደኛው ቻናል ለጠራው ድምፅ፣ ሁለተኛው ለሻካራው ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ከክበቡ ባንድ ጋር ሲለማመድ ድምፁ የታፈነ መሰለውና የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ዘፋኟ ሜቲ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ በቃ ይቀንሱት! ጆሮ ይበሳል እኮ!»

ቻናሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ወደ ሁለተኛው ቀየረው። እሱም ያው ሆነበት።

«እስቲ አንቺ አስተካክይው» አላት።

ሜቲ ወደ አንደኛው ቻናል መልሳ ማዞሪያውን ከግማሽ በታች አወረደችውና የጊታሩን ክር በጣቷ ነካ አደረገች። «አሁን ገና ጠራ፤ ይጫወቱ።»

ተጫወተ። ክሮቹ ጣቱ ላይ ሲርገበገቡ ይሰማዋል፤ ጆሮው የደረሰው ግን ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ያለ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። የተበላሸው አምፕሊፋየሩ እንዳልሆነ ያኔ ገባው።

በኋላ የመረመረው ሐኪምም የጆሮው ነርቭ ስለተጎዳ የመስማት ችሎታው እንደማይመለስ ነገረው።

ሌላ ሥራ ስለማያውቅ አሁንም ክበቡ ውስጥ ይጫወታል። ማዞሪያዎቹን የምታስተካክልለት ሜቲ ናት። ቤቱ ሲገባ ግን ጊታሩን ከሣጥኑ ማውጣት ትቷል።