መቀሴን የያዙብኝ የአገና አዋላጅ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አዋላጅ ነርስ ሆኜ በተመረቅሁ በዓመቴ። አዲስ አበባ ጎረቤታችን የነበሩት ባለሱቁ አቶ ወልዴ ማለዳ በራችንን አንኳኩ።

«እኅቴ፣ ባለቤቴ ለምለም አገራችን ጉራጌ፣ አገና ልትወልድ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን እንደተወለዱ መተንፈስ አቅቷቸው ቀሩብን። ለዚህኛው እባክሽ ድረሺልኝ!»

ከሆስፒታሉ ፈቃድ ጠይቄ፣ አዲሱን መቀሴን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ደስታዬ ለጉድ ነበር። ያለ ሐኪም፣ ብቻዬን ላዋልድ!

ወልቂጤ

አውቶቡሱ በጅማ መንገድ ሲያንገጫግጨን ዋለ። ወልቂጤ ወርጄ አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ገዛሁና እዚያው አደርሁ። በማግሥቱ የአቶ ወልዴ ወንድም በቅሎ ይዞ መጣ። ዳገቱን ስንወጣ ግራ ቀኙ እንሰት ብቻ ነው፤ እኔ ግን መቼ ልቤ አርፎ! «ገና ነው?» እያልኩ ሰውየውን አሰለቸሁት።

አገና

ቆጮና አይብ ቀረበልኝ። አንዴ እንደጎረስኩ ከጓዳ ተጠራሁ። የሰፈሩ አዋላጅ እማማ ብርቄ ለምለምን ደግፈው ይዘዋል። ወዲያው ሴት ልጅ ተወለደች፤ ግን ጭጭ አለች። ሰውነቷ ሰማያዊ ነው። እንደተማርኩት እትብቱን ቶሎ ልቆርጥ መቀሴን ሳነሣ፣ እማማ ብርቄ እጄን ከነመቀሱ ጨበጡት።

«ተይ ልጄ፣ ምን ያጣድፍሻል?»

«አልተነፈሰችም እኮ እማማ!»

«የእናቷ ደም ገና እየመጣላት ነው። ንኪው!»

እትብቱን ነካሁት። ይመታል! እማማ በሌላ እጃቸው የሕፃኗን አፍ ጠርገው ጀርባዋን በጨርቅ ያሹ ጀመር።

«ሞተችብኝ?» አለች ለምለም እያለቀሰች። እኔ ጣቴን ከእትብቱ ላይ ሳላነሣ ምቱን እቆጥር ጀመር።

ልጅቷ አንዴ ሳግ ያዛት፤ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው። እሰይ! ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም ከሁሉ በላይ እልል አልኩ። የእትብቱ ምት ሲያቆም እማማ መቀሴን ለቀቁልኝ። «በይ አሁን ቁረጪ» አሉኝ።

አዲስ አበባ

አቶ ወልዴ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ነበር።

«ሴት ልጅ!» አልኩ ከሩቅ። «ትጮኻለች፣ ትጠባለች!»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሮጠው ገብተው አዲስ ጋቢ አወጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «አንቺ ባትደርሺላት ኖሮ!» አሉኝ።

የሄድኩት ብቻዬን ላዋልድ ነበር፤ የመጠበቅን ነገር ግን ተምሬ ተመለስኩ። ጋቢውን አውልቄ መለስኩላቸው።

«ለእማማ ብርቄ ይላኩላቸው። እኔማ ሳትተነፍስ እትብቱን ልቆርጠው ነበር።»