ለመዝለል የተበደርሁት

ከሮቢት የወጣሁት ሙቀቱ በረድ ብሎ ግመል መራመድ በሚጀምርበት በመግሪብ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ከሞተ በኋላ የእኔም ስም በጣሊያን ካምፕ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ተብዬ ዕቃ ለማሰናዳት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ታላቅ እህቴ፣ እታለም ከድጃ፣ ሦስት ጠገራ ብር በመዳፌ አስጨበጠችኝ። በሬዋን ወታደሮች አርደው ከበሉባት ወር አልሞላም፤ ብሩን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። «ስታገኚ በሬ ትገዢልኛለሽ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን እንደ ውል ያዝሁት።

የአፋርን በረሃ በግመል፣ ከጅቡቲ እስከ ስዊዝ ደግሞ በመርከብ ሄድሁ። ስለ መርከቡ ብዙ አልጽፍም፤ ከማስመለስ በቀር የሠራሁት ሥራ የለም። ምስር፣ ካይሮን ማለቴ ነው፣ ሙቀቷ አላስደነገጠኝም፤ የሮቢትን ሚያዝያ ያየ ሰው በምን ይደነግጣል? ምግቡ ግን ጧት ፉል፣ ማታ ፉል ነው። «የአገሬ ማሾ በሆነ» እያልሁ በላሁት፤ እያማረርሁ ወፈርሁ።

ልብስ እየሰፋሁ በወር መቶ ሃምሳ ቅርሽ አገኝ ነበር። ለክፍሌ አርባ፣ ለምግብ ሰባ፤ የቀረውን አርባ ቅርሽ ለሼህ እንድሪስ አስቀምጣለሁ። እሳቸው የይፋት ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቅ ሊገዙ ሲመጡ ገንዘቡን ተቀብለው ለእህቴ ያደርሱልኛል። ሲመሽ ትምህርት ነው። ዐረብኛውን በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ስለጀመርሁት አልከበደኝም፤ ደንበኛ ትምህርት ቤት የገባሁት ግን በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።

አንድ ቀን፣ የሴት መምህራን ማሠልጠኛ ችግረኛን በብድር ያስተምራል ሲባል ሰምቼ ሄድሁ። ልቤ ታሪክ ወይም ሰዋስው ላይ ነበር። ጸሐፊው፣ አፈንዲ ይሉታል፣ ወረቀቴን ገለባብጦ አየና፣

«ያ ሁሉ ሞልቷል። ሪያዳ ብቻ ቀርቷል» አለኝ።

«ሪያዳ ምንድን ነው?»

«የሰውነት ማጠንከሪያ። መሮጥ፣ መዝለል፣ ኳስ መወርወር። አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ስለሚከለክሉ ወንበሩ ባዶ ነው። አባት አለሽ?»

«ሞቷል።»

«አላህ ይዘንለት። እንግዲያው እንቅፋት የለም።»

ዓርብ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ብድሩ መኝታና ምግብ ጨምሮ ሃያ አራት ጊኒ። ጊኒ መቶ ቅርሽ ነው። ዲፕሎማውን ይዤ አስተማሪ ስሆን ደመወዜ በወር አምስት ጊኒ፤ አንዷ ጊኒ በየወሩ ለዕዳ ትቆረጣለች። የክፍልና የምግቤን መቶ ዐሥር ቅርሽ ቀንሼ ለእህቴ የምልከው ከአርባ ቅርሽ ወደ ሁለት መቶ ዘጠና ይወጣል። በሁለቱ ዓመት ያልላክሁትን በአራት ወር እተካዋለሁ። ሦስት ጊዜ ደመርሁት፤ ልክ ነው። ግን የእታለም ሦስት ልጆች እስከዚያ ምን ይበላሉ?

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ ወደ አፈንዲው ተመለስሁ።

«ምናልባት መክፈል ቢያቅተኝ ከማን ጋር ነው የምቆራኘው?»

«የምን መቆራኘት?»

«በአገራችን ዕዳ ያልከፈለ ሰው ነጠላው ከባለገንዘቡ ልብስ ጋር ይቋጠርና እስኪከፍል አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። እዚህ ባለገንዘቡ ማነው?»

«መንግሥት ነው።»

«መንግሥት ነጠላ አይለብስም። ሰው ይንገሩኝ።»

አፈንዲው የኮቱን ጫፍ ሰበሰበና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። «ስሚ እህቴ፣ እኔ ሚስት አለኝ። ማንም ከማንም ጋር አይቋጠርም። ዕዳሽ እስኪያልቅ የመውጫ ወረቀት አታገኚም፤ ከዚህ አገር አትወጪም፤ በቃ።»

«ታዲያ ይኸው እሱው አይደል?» አልሁት።

ምዝገባው የሚዘጋው ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ነገሩን በሼህ እንድሪስ አፍ ለእህቴ ላክሁ። ተመልሰው መጥተው የመስፊያ ቤቱ ደፍ ላይ ገና ሳይቀመጡ መሳቅ ጀመሩ።

«ነገርኋት፤ አላመነችኝም። ‹ሼህ፣ እህቴ ልትዘል ነው የምትበደረው? ጥጃ ሲያመልጣት እንኳ መጽሐፏን ሳታስቀምጥ ነበር እኮ የምትከተለው› ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። በላክሽላት ወይፈን ገዝታለች፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ ታሳርሳለች። ‹ሁለት ዓመት እችላለሁ፤ ስትጨርስ ግን ትምጣ› ብላለች።»

በማግስቱ ፈረምሁ።

መጀመሪያ ቀን ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ሱሪ አልብሰው ሜዳውን ዙሩ አሉን። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከእኔ ኋላ የቀረችው አንዲት የእስክንድርያ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶባት ነው። ስደርስ ጎኔን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ሳቅሁ፤ ከአገሬ ከወጣሁ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ሼህ እንድሪስ ወደ አገር ሳይነሡ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። «ሱሪውን ለመንደሩ አልናገርም» አሉና ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ፣ «እንግዲህ ሁለት ዓመት ነው የምላት?» ብለው ጠየቁኝ።

ሁለት ለመማር፣ ሁለት ለመክፈል፤ አራት ነው።

«ሁለት ይበሏት» አልሁ።

ይህን የምጽፈው በሦስተኛው ዓመት ነው። አስተምራለሁ፤ ሁለት መቶ ዘጠናውን አንድም ወር አላጎደልሁም። ባለፈው ሼሁ ሲመጡ እህቴ የላከችውን ጥያቄ ነገሩኝ፤ ‹አሁን ምን ያህል ትዘላለች?› ብቻ ነው ያለችው። ስለ መምጣቴ አላነሣችም።

«አንድ ሜትር ከዐሥር» አልሁ። ሜትር ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ከፍታውን በእጄ አሳየኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ከወገባቸው በላይ፣ በዚያው ልክ ዘርግተው፣ እንደያዙ ወጡ።